ጤፍ በበርበሬ ወፍጮ አይፈጭም

በርበሬ በረንዳ የገባ እንግዳ መጀመሪያ ያስነጥሳል፤ ነባሮቹም በዚህ ይለዩታል። እኔ በ2015 ዓ.ም. ክረምት አክስቴ ሱቅ መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ቀን ሳላስነጥስ ገብቼ አላውቅም። ተሸካሚዎቹ ሲሰሙኝ «ኮምፒውተሩ መጣ» ይላሉ። እኔን ይሁን ላፕቶፑን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

የምጽፈው ስለ አንድ አሰልቺ ስለሚመስል ነገር ነው፦ በፓይተን የተጻፈን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በንጽህና ስለመጫን። ኮድ መጻፍ የሚያስተምር ሞልቷል። የጻፍኩትን ነገር ሰው ኮምፒውተር ላይ በወጉ እንዴት እንደማስቀምጥ ግን ኢንጂነሪንግ ተምሬ እስክመረቅ ድረስ ማንም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እኛ ኢንስቶል የምንለውን በአማርኛ መጫን እንለዋለን። መርካቶ ውስጥ መጫን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አይሱዙ ላይ ጆንያ የሚደረድር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለማራገፉ ነው። መጨረሻ የሚወርደው ከሥር ይሆናል፣ መጀመሪያ የሚወርደው ከላይ። ማራገፉን ሳያስብ የጫነ ሰው መንገድ ላይ ጉድ ይሆናል። እኔ ያን ጊዜ መጫን እንጂ ማራገፍ አላውቅም ነበር።

*

እቴቴ የምላት አክስቴ ዛላ በርበሬ በጅምላ ትሸጣለች። ከማረቆ፣ ከሃላባ፣ አንዳንዴም ከቡሬ በኩል ይመጣላታል። ጆንያው ይመዘናል፣ የባዶ ጆንያው ክብደት ይቀነሳል፣ ከሒሳቡ ከፊሉ በእጅ ይከፈላል፣ የቀረው በዱቤ ይያዛል። ይህ ሁሉ ለብዙ ዓመት የተጻፈው ደብተር ላይ ነው። የደብተሩ ገጾች ዳር ዳራቸው ቀልቷል፤ በርበሬ የነካ ጣት ምራቅ እየነካ ሲገልጣቸው ስለኖረ።

እኔ የሠራሁላት ፕሮግራም ትንሽ ነው። ስሙን «ሚዛን» አልኩት። የጆንያዎቹን ክብደት ይቀበላል፣ የባዶ ጆንያውን ይቀንሳል፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ የዱቤውን ቀሪ ያሰላል፣ በአቢሲኒካ ፎንት ቁራጭ ወረቀት ያትማል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጻፍኩት። መጻፉ ምንም አልነበረም።

ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ 22.04 ጫንኩበት። ምክንያቱን መርካቶ ፍላሽ ሰክቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመጣ ሰው ፍላሽ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት የሚሆንበት ቫይረስ አሰልችቶን ነበር። ሦስት ሰው ስለሚጠቀምበት ሦስት አካውንት ከፈትኩ፤ አንዱ የእቴቴ፣ አንዱ ሒሳብ የምትይዝላት ልጅ፣ አንዱ ማታ ማታ የሚያጠናበት የአክስቴ ልጅ። አራተኛው የእኔ ነው፤ አስተዳዳሪው።

እንግዲህ በራሴ አካውንት ገብቼ ፒፕ ኢንስቶል አልኩ። ፒፕ ማለት የፓይተን ፕሮግራሞችንና ላይብረሪዎችን የሚያመጣልን መሣሪያ ነው። ሁሉ ነገር ሠራ። አስነጥሼ፣ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ሰባተኛ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ።

«ወንድሜ፣ እኔ ጋ የለም ይላል።»

የለም ማለቱ ልክ ነበር። እኔ የጫንኩት የእኔ ቤት ውስጥ ነው። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ቤት አለው፤ ፒፕ ሌላ ቦታ ለመጻፍ ፈቃድ ሲያጣ እዚያው የጠራው ሰው ጓዳ ውስጥ ያስቀምጣል። ልጅቷ በራሷ አካውንት ስትገባ የእኔ ጓዳ አይታያትም። ለሁሉም እንዲታይ ከተፈለገ የጋራ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ተመልሼ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ኮማንዱ ፊት ሱዶ ጨመርኩበት። ሱዶ ማለት በአጭሩ «አለቃው ነው ያዘዘው» ማለት ነው። ለሦስቱም ሠራ። «ሠራ» የሚባለው ቃል እኛን የኮድ ሰዎች ስንት ጊዜ ሸውዶናል!

*

ሱዶ ፒፕ ምን እንዳደረገ አሁን በበርበሬ በረንዳ ቋንቋ ላስረዳ።

በረንዳ የሱቁ አካል ይመስላል እንጂ መተላለፊያም ነው። የጎረቤት ደንበኛ ያልፍበታል፣ ተሸካሚው ያልፍበታል፣ ሌላው ዕቃውን አሳርፎ ትንፋሹን ይሰበስብበታል። አንተ እዚያ ላይ ጆንያህን ብትቆልል የሚከለክልህ ላይኖር ይችላል። ግን የጎረቤትህን በር ዘግተሃል።

የኡቡንቱ በረንዳ ፓይተን የሚጋራቸው ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት ፎልደር ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ፓይተኑ እኛ ኮድ እንድንጽፍበት ብቻ የተቀመጠ አለመሆኑ ነው። የሲስተሙ የራሱ ሠራተኞችም በእሱ ይሠራሉ። በራሱ አፕዴት የሚያደርገው ፕሮግራም በፓይተን የተጻፈ ነው። ፋየርዎሉን የምናዝበት ዩኤፍደብልዩ በፓይተን የተጻፈ ነው። የሌለ ኮማንድ ስትጽፉ «ይህን ማለትህ ነው?» የሚላችሁም ፓይተን ነው። እነዚህ ሁሉ ከአንድ መደርደሪያ ላይብረሪ ያነሳሉ፤ ኡቡንቱም የእያንዳንዱን ቨርዥን እርስ በርስ እንዲስማማ አድርጎ ፈትኖ አስቀምጦላቸዋል።

ሱዶ ፒፕ ደግሞ አዲስ ቨርዥን አምጥቶ ከፊት ለፊት ይደረድራል። ኡቡንቱ ላይ ዩኤስአር-ሎካል የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ፓይተን ላይብረሪ ሲፈልግ ከሲስተሙ መደርደሪያ በፊት የሚያየው እሱን ነው። አንድ የሲስተም ፕሮግራም የለመደውን ላይብረሪ ሲጠራ የእኔ ጆንያ ከፊት ተቀምጦ ያገኘዋል። ተመሳሳይ ከሆነ ይሠራል። ካልሆነ ይወድቃል፤ የወደቀበትን ምክንያት የሚናገር ግን የለም።

ሌላም ጣጣ አለው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ይህ ፋይል የማን ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ዲፒኬጂ የሚባለው መዝገብ ያዥ የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ይነግራችኋል። በሱዶ ፒፕ የገባውን ፋይል ብትጠይቁት አያውቀውም። ምልክት የሌለው ጆንያ ነው። መርካቶ ላይ ምልክት የሌለው ጆንያ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ማንም ይወስደዋል፣ ወይ ማንም አይነካውም።

*

ኅዳር 2016 መጣ። አዲሱ ዛላ የሚገባበት ወቅት ነው። አይሱዙ እየተከታተለ ይገባል፣ በረንዳው ይቀላል፣ በርበሬ የሚቀነጥሱት ሴቶች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከንጋት ጀምሮ ይቀመጣሉ። እኔም ለወቅቱ ብዬ የ«ሚዛን»ን አዲስ ቨርዥን በፍላሽ ይዤ በጠዋት ደረስኩ።

ጫንኩት። አልነሳም። ቶምልሊብ የሚባል ላይብረሪ የለም አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ቶምልሊብ የሴቲንግ ፋይል የሚያነብ ትንሽ ነገር ነው፤ ከፓይተን ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ከ3.11 ወዲህ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ላይ 3.11 አለ። ኡቡንቱ 22.04 የሚጠቀመው ግን 3.10 ነው። ቤቴ የሠራ ኮድ ሱቁ ውስጥ ያልሠራው ለዚህ ነው።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ፕሮግራሙን ለቤቱ ማስተካከል ነበር። እኔ ቤቱን ለፕሮግራሙ ላስተካክል ተነሳሁ። ፓይተን 3.11 ጨመርኩ። መጨመሩ ብቻውን ምንም አይጎዳም፤ ሁለት ፓይተን ጎን ለጎን መኖር ይችላል። ጥፋቴ ቀጥሎ ነው። «ፓይተን3» የሚለው ስም ወደ አዲሱ እንዲያመለክት ሊንኩን ቀየርኩት። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁት።

ተርሚናሉ አልከፈት አለ። ደግሜ ነካሁት። ጠቋሚው ትንሽ ዞረ፣ ቆመ፣ ዝም። «ሚዛን»ም የሚከፈተው በተርሚናል ስለሆነ እሱም ዝም።

ኡቡንቱ 22.04 ላይ ተርሚናሉን የሚከፍተው ነገር ራሱ የፓይተን ስክሪፕት መሆኑን የዚያን ቀን ነው የተማርኩት። ስክሪፕቱ የሚያስፈልገው አንድ ላይብረሪ ለ3.10 ብቻ የተቀመረ ነው፤ 3.11 ሊያነበው አይችልም። እኔ ለራሴ ብዬ ያነሳሁት ድንጋይ ሌላው ቤት የቆመበት ነበር።

በዚህ መሃል አይሱዙው በረንዳው አፍ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ምን ሆነ?» አለች እቴቴ።

«ቆይ እቴቴ፣ አምስት ደቂቃ።»

አምስት ደቂቃ አልሆነም። ከኋላ ሌላ መኪና ክላክስ ያደርጋል። ተሸካሚዎቹ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። ሒሳብ የምትይዘው ልጅ አንዴ እኔን አንዴ እቴቴን ታያለች። እቴቴ ምንም አላለችም። መሳቢያውን ከፈተች፣ አሮጌውን ደብተር አወጣች፣ እስክሪብቶውን ወረቀት ላይ ሞከረችና መመዘን ተጀመረ።

የቸገረው አዲሱ ጭነት አልነበረም፤ እሱ ደብተር ላይ ይጻፋል። የቸገረው ያለፈው ቀሪ ነው። ከሰኔ ወዲህ ያለው ዱቤ ሁሉ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ጭነቱን ያመጣው ነጋዴ ደግሞ አዲሱን ከማውረዱ በፊት የአሮጌውን ቀሪ ሊቀበል መጥቷል። ሰውየው እቴቴ ፊት ቆሟል፣ እቴቴ የምታየው ወረቀት የላትም።

«ያለፈው ቀሪህ ስንት ነበር?» አለችው።

ነገራት። ቆጥራ ሰጠችው። አልቆጠረውም፤ ኪሱ ከተተው።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው ስልኬ ላይ መፍትሔ እየፈለግሁ፣ ፊቴ ከበርበሬው በላይ ቀልቶ ነው። በመጨረሻ አገኘሁት። ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ3 ሲነካ ተርሚናል የማያስፈልገው ጥቁር ገጽ ይመጣል። እዚያ ገብቼ ሊንኩን ወደ 3.10 መለስኩት። አንድ መስመር። አሮጌው «ሚዛን» ሲነሳ ቀጥታ ያየሁት የሰውየውን ቀሪ ነበር። ሳንቲም አላዛነፈም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሌላ ነገር ነው የተሰማኝ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለዓመታት በቃል ተማምነው የሠሩበትን ነገር እኔ «ይሻላል» ብዬ ከደብተር ወደ ማሽን አዛወርኩት፣ ከዚያ ማሽኑን ዘጋሁት። ሰውየው ታማኝ ባይሆን፣ ወይ ቢረሳ፣ ወይ እቴቴ ብትጠራጠር፣ የሚበላሸው ኮምፒውተር ብቻ አልነበረም።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ እቴቴ ለቤት የሚሆን በርበሬ ልታስፈጭ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ዕቃ ልሸከም ነው፤ ቅጣትም ይመስለኛል።

ወፍጮ ቤቱ አንድ ጣራ ነው። ውስጡ ግን ወፍጮዎቹ ለየብቻ ናቸው፤ የጤፍና የእህሉ ወዲህ፣ የሽሮው ወዲያ፣ የበርበሬው ጥግ ላይ። መብራቱ አንድ፣ ባለቤቱ አንድ፣ ወረፋው ግን የየራሱ። አንዲት ሴትዮ ጤፍ በባልዲ ይዘው የበርበሬው ወረፋ ላይ ቆሙ። ፈጪው ልጅ ቀና ሳይል «እናቴ፣ በዚያ በኩል» አላቸው።

እኔ ሞኝ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ጠርገውት ቢፈጩላቸውስ?»

እቴቴ ሳቀችብኝ። «ጤፍ በበርበሬ ወፍጮ ይፈጫል እንዴ? ቢጠርጉትስ ይለቃል? እንጀራው ያቃጥልሃል!»

ማንም እዚያ ቤት ስለዚህ ነገር አይከራከርም። የበርበሬው ወፍጮ መጥፎ ስለሆነ አይደለም የተለየው። ጤፉም ክፉ አይደለም። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አንድ ድንጋይ ላይ ግን አይገናኙም። እኔ ለወራት ያደረግሁት ይህንን ነበር፤ የሲስተሙን ጤፍ በእኔ በርበሬ ወፍጮ።

የሚገርመው ፓይተን ይህን ከረጅም ጊዜ በፊት አውቆታል። ቬንቭ የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። የሚሠራው በትክክል የወፍጮ ቤቱን ሥራ ነው፦ ጣራው አንድ፣ ፓይተኑ የኮምፒውተሩ ፓይተን፣ ላይብረሪው ግን የዚያ ፕሮግራም ብቻ የሆነ ለብቻው የተከለለ ፎልደር። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መሥሪያ ቤት በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን «ይህ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ነው፣ ለሱቅ አይሆንም» የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። የምጠነቀቀው ለራሴ ላፕቶፕ ነበር፤ ለእቴቴ ሱዶ።

እንደ እኔ ያለው ብዙ ስለሆነ በመጨረሻ ሲስተሞቹ ራሳቸው በር መዝጋት ጀምረዋል። ፔፕ 668 የሚባል የፓይተን ማኅበረሰብ ስምምነት አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የራሱ የፓይተን ፎልደር ውስጥ አንዲት ምልክት ፋይል ያስቀምጣል፤ ፒፕ ያቺን ፋይል ካየ «ይህ ቤት ሌላ አስተዳዳሪ አለው» ብሎ ይመለሳል። ፒፕ ይህን ማክበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በወጣው 23.0 ነው። ኡቡንቱ 23.04 በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ዴቢያን 12 ደግሞ ሰኔ ላይ ተከተሉ። በግድ ማለፍ የሚፈልግ ሰው የሚጽፈው ቃል አለ፤ ሲተረጎም «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አላሽሞነሞነውም። እኔ የተጠቀምኩበት 22.04 ከዚህ በፊት የወጣ ስለሆነ በሩ ክፍት ነበር። በሩ ክፍት መሆኑ ግን ግባ ማለት አልነበረም።

*

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሱቅ ወይ ክሊኒክ ወይ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለዘመድ ኮምፒውተር «የሚነካካ» ሰው ከሆናችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ «ሚዛን»ን ከስክሪፕት ወደ ፓኬጅ ቀየርኩት። ፓይፕሮጀክት በሚባለው ፋይል ውስጥ ስሙን፣ ቨርዥኑን፣ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ኮማንዱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከየትኛው ፓይተን ጀምሮ እንደሚሠራ ጻፍኩ። ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ቀድሜ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ፒፕ ገና ሲጀምር «ይህ ለ3.10 አይሆንም» ብሎ ይመልሰኝ ነበር። ቶምልሊብ ለሌለው ፓይተን ቶምሊ የሚባል ምትክ አለ፤ «ከ3.11 በታች ከሆነ እሱን አምጣ» ብዬ ጨመርኩ። ኅዳር ላይ ያዋረደኝ ነገር በሁለት መስመር አለቀ።

ቀጥሎ ቦታ ለየሁ። ፕሮግራሙ ኦፕት የሚባለው ፎልደር ውስጥ የራሱ ቬንቭ ተሠራለት። ኦፕት በሊኑክስ ወግ ከውጭ ለመጣ ተጨማሪ ሶፍትዌር የተተወ ቦታ ነው። ከዚያ ዩኤስአር-ሎካል ሥር ያለው የኮማንዶች ፎልደር ውስጥ አንድ ሊንክ ብቻ አኖርኩ። ያ ቦታ በሁሉም አካውንት መንገድ ላይ ስላለ ልጅቷም፣ እቴቴም፣ የአክስቴ ልጅም ያገኙታል። ጆንያው ጓዳ ነው፤ በረንዳው ላይ ያለው ማስታወቂያው ብቻ ነው።

የዱቤ መዝገቡን ከፕሮግራሙ ለየሁ። መዝገቡ ቫር ውስጥ፣ ሴቲንጉ ኢቲሲ ውስጥ። ሦስቱም ተጠቃሚ እንዲጽፉበት አንድ ግሩፕ ሠርቼ አስገባኋቸው። ከአሁን በኋላ ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ብሰርዘው የማንም ቀሪ ሒሳብ አይጠፋም። ሱቁ ሲዘጋ የዕለቱ ኮፒ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል።

ላይብረሪዎቹን ሁሉ ቤቴ አውርጄ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። ፒፕ «ኢንተርኔት አትፈልግ፣ ከዚህ ፎልደር ብቻ አንሳ» ሲሉት ይታዘዛል። ኔትወርክ በሌለበት ቀን አይሱዙ አይቀርማ። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንዳንድ ላይብረሪ ለአንድ የፓይተን ቨርዥን ብቻ የተቀመረ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ለ3.10ም ለ3.12ም አወረድኩ።

ይህን ሁሉ በእጅ ላለመሥራት ፒፕኤክስ የሚባል መሣሪያ አለ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቬንቭ ሠርቶ ኮማንዱን ብቻ ያወጣል፤ ከ1.5 ቨርዥን ወዲህ ለሁሉም ተጠቃሚ መጫንም ይችላል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ከዚያ ያነሰ ስለነበር እኔ በእጄ ሠራሁት። ሃያ ኮምፒውተር ቢኖረኝ ኖሮ ደግሞ ዴብ ፓኬጅ እሠራ ነበር፤ ያኔ ዲፒኬጂ እያንዳንዱን ፋይል በስሙ ይመዘግበዋል፣ አፕት ሪሙቭ ሲባልም ራሱ ጠርጎ ይወጣል።

ጓደኞቼ «ለምን ዶከር አትጠቀምም?» ይሉኛል። ላፕቶፑ ያለው አራት ጊጋ ራም ነው፤ ለአንድ የሚዛን ፕሮግራም ሌላ ሙሉ ቤት መከራየት ይሆናል። «ለምን ዌብሳይት አታደርገውም?» የሚሉም አሉ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ኢንተርኔቱ ግን አብሮ ይሄዳል። ሁሉንም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ የሚያሽግ ፓይኢንስቶለር የሚባልም አለ፤ እሱ እውነትም ጥሩ መንገድ ነው፣ አሮጌ ሲስተም ላይ ከታሸገ አዲሱም ላይ ይሠራል። መንገዱ ብዙ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት ግን የሲስተሙን ለሲስተሙ መተውን ነው።

በመጨረሻ መጫኛውንና ማራገፊያውን ሁለት አጫጭር ስክሪፕት አደረግኋቸው። ማራገፊያውን መጀመሪያ ጻፍኩት። ጭኜ አራገፍኩ፣ ጭኜ አራገፍኩ። ከማራገፉ በኋላ ከመዝገቡና ከሴቲንጉ በቀር ምንም ቅሪት እስካጣ ድረስ። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ መመሪያ ጽፌ፣ ፕላስቲክ አልብሼ፣ ፍላሹን በክር አስሬበት መሳቢያው ውስጥ ከአሮጌው ደብተር ጋር አስቀመጥኩት።

*

በ2017 ዓ.ም. ለሥራ ከአዲስ አበባ ወጥቼ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ እሁድ ስለነበር ሰኞ በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። አስነጠስኩ። ተሸካሚዎቹ ያሉትን አሉ።

ልጅቷ ወረቀት እያተመች ነው። ስክሪኑን ሳየው ሌላ ነው፤ ኡቡንቱ 24.04።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ሞቶ ኖሯል። ሰፈር ያለ ጠጋኝ አዲስ ቀይሮ ኡቡንቱ ጭኖ ሰጣቸው። የቀረውን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማረው የአክስቴ ልጅ በወረቀቱ ሠራው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተይዞ ነበር። ኡቡንቱ ቬንቭን ሙሉ አድርጎ አያመጣውም፣ አንዱ ክፍሉ ለብቻው በአፕት መጫን አለበት፤ እኔም ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ግን ለዚያች አንድ እርምጃ ኢንተርኔት እንደሚያስፈልግ አልጻፍኩም። ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ ጨረሰው። በወረቀቱ ዳር በእርሳስ «እዚህ ጋ ዳታ ያስፈልጋል» ብሎ ጨምሯል። የዱቤው መዝገብ ከፍላሹ ተመልሷል፤ የጎደለው ዲስኩ የሞተበት ግማሽ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ከደብተሩ ሞልተውታል።

24.04 ላይ ያለው ፓይተን 3.12 ነው። ሱዶ ፒፕ የሚለውን የድሮ ልማዴን ይዞ ቢሞክር ኖሮ ሲስተሙ ይመልሰው ነበር። ልጁ ያንን በር እንዳለም አላወቀ፤ በዚያ በኩል አላለፈማ።

«ለምን አልደወላችሁም?» አልኩት።

«ምን ብለን?» አለኝ። «ሠራ እኮ።»

ይህችን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ ያመንኳት ያን ቀን ነው። እኔ ፊት ሠርቶ ነበር ማለት አይደለም፤ እኔ ሳልኖር፣ ስልኬ ሳይጠራ፣ የማላውቀው ሰው ባስተካከለው ማሽን ላይ፣ ኮድ ጽፎ በማያውቅ ልጅ እጅ ሠራ።

እቴቴ ከሚዛኑ ኋላ ሆና አየችኝ። «ዛሬ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ምንም» አልኳት። «ቡና ልጠጣ።»

«ተቀመጣ!» አለች፣ ጆንያ ስባ።